ክርክር፦ የሕንድ ሪሺዎችና የኳንተም ፊዚክስ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው?

«አዎ» የሚሉት በወጣትነታቸው በነጻ የትምህርት ዕድል ሕንድ፣ ፑኔ፣ ሄደው ፍልስፍና የተማሩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያሉ ሰው ናቸው። «አይደለም» የምትለው አዲስ አበባ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የምታስተምር መምህርት ናት። ሪሺ ማለት የጥንት ሕንድ ጠቢብ ነው። ክርክሩ በጽሑፍ የተደረገ ነው፤ ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አዎ ባይ

ከጄኔቫ ልጀምር። የዓለም ትልቁ የቅንጣት ፊዚክስ ቤተ ሙከራ፣ ሰርን፣ ግቢው ውስጥ ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ የነሐስ ሐውልት አለ። የሒንዱ አምላክ ሺቫ ነው፤ እየጨፈረ። በላይኛው ቀኝ እጁ ትንሽ ከበሮ፣ በላይኛው ግራ እጁ የእሳት ነበልባል ይዟል፤ ከበሮው መፍጠር፣ እሳቱ ማጥፋት ነው። የታችኛው ቀኝ እጁ መዳፉን ገልጦ «አይዞህ» ይላል። ቀኝ እግሩ ሥር የተረገጠ ድንክ ተጋድሟል፤ አፓስማራ ይባላል፣ መርሳት፣ አለማወቅ ማለት ነው። ዙሪያውን የእሳት ቀለበት ከቦታል። የደቡብ ሕንድ ነሐስ አፍሳሾች ይህን ቅርጽ የዛሬ ሺህ ዓመት ግድም በቾላ ነገሥታት ዘመን ይሠሩት ነበር። ቅንጣት ሲፈጠርና ሲጠፋ በሚውልበት ግቢ ከዚህ የተሻለ ምን ሊቆም ይችላል?

ጌጥ ነው ትይኝ ይሆናል፣ ልጄ። እሺ፣ ወደ ሰዎቹ እንሂድ። የኳንተምን የሞገድ እኩልታ በ1926 የሰጠን፣ በ1933 ኖቤል የተሸለመው ኤርቪን ሽሮዲንገር የኡፓኒሻድ፣ የጥንቶቹ የሕንድ ቅዱሳን ጽሑፎች፣ ሰው ነበር። እኩልታውን ከማውጣቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በ1925፣ ስለ ዓለም ያለውን የግል አመለካከት ሲጽፍ ሄዶ ያረፈው ቬዳንታ በሚባለው፣ ከኡፓኒሻድ በወጣው ፍልስፍና ላይ ነው፤ ብዙ የሚመስለን ንቃተ ሕሊና በእውነቱ አንድ ነው አለ። በ1944 ስለ ሕይወት ምንነት ያሳተመውን ትንሽ መጽሐፍ ሲዘጋም ዞሮ እዚያው ገባ፤ አትማን፣ የሰው ውስጠኛው እኔነት፣ ከብራህማን፣ በሁሉ ውስጥ ካለው፣ አይለይም። የአቶም ቦምቡን ሥራ የመራው ኦፐንሃይመርም በርክሌይ እያስተማረ ከአርተር ራይደር ዘንድ ሳንስክሪት ተምሮ ባገቫድ ጊታ የሚባለውን የሒንዱ ቅዱስ መጽሐፍ በራሱ ቋንቋ ያነብ ነበር። የመጀመሪያው የአቶም ቦምብ ጁላይ 16 ቀን 1945 ኒው ሜክሲኮ በረሃ ላይ ሲፈነዳ ትዝ ያለው እዚያ መጽሐፍ ላይ አምላኩ ክሪሽና ለተዋጊው አርጁና የተናገረው «ሞት ሆንኩ» የሚለው ቃል ነው። ከኳንተም መሥራቾች አንዱ የሆነው ሃይዘንበርግ በ1929 ሕንድ ድረስ ሄዶ ከባለቅኔው ታጎር ጋር ተጨዋውቷል። አንድ ሰው ቢሆን የግል ዝንባሌው ነው ይባላል። ሦስት ሲሆኑስ?

አሁን ወደ ትምህርቱ ልግባ። ፑኔ የኖርኩበት ቤት ፊት ለፊት አንድ ባንያን ነበር፤ ከቅርንጫፉ ላይ ሥር እያወረደ መሬት የሚተክል፣ የእኛ የዋርካ ዘመድ። የቻንዶግያ ኡፓኒሻድን ታሪክ የሰማሁት እሱ ጥላ ሥር ነው። ኡዳላካ የሚባል አባት ልጁ ሽቬታኬቱ 12 ዓመት ተምሮ ደረቱን ነፍቶ ሲመለስ አየና እንዲህ አለው፤

«ከዚያ ዛፍ አንድ ፍሬ አምጣ።»

«ይኸው፣ አባቴ።»

«ስበረው። ምን ታያለህ?»

«ደቃቅ ዘሮች።»

«ከዘሮቹ አንዷን ስበር። ምን ታያለህ?»

«ምንም።»

«ልጄ፣ ይህ ትልቅ ዛፍ የበቀለው ከዚህ ከማታየው ስውር ነገር ነው። እውነቱ እሱ ነው። ያ አንተ ነህ።»

በሳንስክሪቱ፣ ታት ትቫም አሲ። የዛሬው ፊዚክስስ ምን አለ? ድንጋዩን ስበሪው፣ ሞለኪውል ነው፤ ሞለኪውሉን ስበሪው፣ አቶም ነው፤ አቶሙን ስበሪው፣ ከዚያ ወዲያ የሚጨበጥ ጠጣር ነገር የለም፣ የመስክ ንዝረት ብቻ። የምንዳስሰው ዓለም መልክ እንጂ እውነቱ አይደለም፤ ሕንዶች ማያ ይሉታል። ኤሌክትሮኑ ሳታዪው ሞገድ፣ ስታዪው ቅንጣት ነው፤ የሚያየውና የሚታየው አይነጣጠሉም። ሁለት ቅንጣቶች አንዴ ከተቆራኙ የቱንም ያህል ቢራራቁ እንደ አንድ ነገር ናቸው፤ አስፔ፣ ክላውዘርና ሳይሊንገር በ2022 ኖቤል የተሸለሙት ይህን በሙከራ አሳይተው ነው። የቬዳንታው ፈላስፋ ሻንካራ አድቫይታ፣ «ሁለት አይደለም»፣ ሲል ከዚህ ምን የተለየ አለ? ዘመኑንም አስቢው። አውሮፓ የዓለምን ዕድሜ በ6 ሺህ ዓመት ስትቆጥር፣ የሕንድ መጻሕፍት የፈጣሪው አምላክ የብራህማ አንድ ቀን 4.32 ቢሊዮን ዓመት ነው ብለው ነበር። መሬት ዛሬ 4.54 ቢሊዮን ዓመቷ ነው። ይህን መቀራረብ የሥነ ፈለክ ሊቁ ካርል ሴገን ሳይቀር በቴሌቪዥን ተናግሮታል።

አይደለም ባይ

ጋሼ፣ የዋርካውን ታሪክ እንዲህ አድርጎ የነገረኝ ሰው የለም፤ እሱን ለኋላ አቆየዋለሁ። ወደዚህ ክርክር ያስገባኝ አንድ ተማሪዬ ነው። 11ኛ ክፍል፣ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ፣ ሰሌዳውን እያጠፋሁ ስልኩን ዘረጋልኝ፤ «ቲቸር፣ ኳንተምን ሕንዶች ድሮ ጨርሰውታል፤ እኛ ምን ያደክመናል?» ልጁ እየቀለደ ነው። ግማሹን ግን አምኖበታል።

ሐውልቱ የሕንድ መንግሥት ስጦታ ነው፤ ጁን 18 ቀን 2004 ተመረቀ። ያምራል። ስጦታ ግን ምስክር አይሆንም። ሃይዘንበርግ ታጎርን ያገኘው እርስዎ እንዳሉት በ1929 ነው፤ ስሙ የሚጠራበትን የእርግጠኛ አለመሆን መርህ ያወጣው በ1927። ሁለት ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። በዚህ ርዕስ ላይ የማነበው ነገር አብዛኛው እንዲህ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ኦፐንሃይመርን ደግሞ ወንድሙ ፍራንክ አብሮት ነበር፤ ያን ጠዋት ተናገርን ብሎ ያስታወሰው «ሠራ» የሚለውን ብቻ ነው። የጊታውን ቃል ለሕዝብ በቴሌቪዥን ሲናገር ያየነው በ1965 ነው፣ ከ20 ዓመት በኋላ። ሳንስክሪት ስለሚያውቁ እርስዎ ይፍረዱኝ፤ ጥቅሱ ላይ ያለው ቃል «ካላ» ነው፣ ጊዜ። «ሞት ሆንኩ» የሚለው የራይደር አተረጓጎም ነው። ጊታ ለዚያ ሰው ለድንጋጤው ቃል ሰጠው። የቦምቡን ሒሳብ ግን አልሰጠውም።

ጥጥርነት «መልክ» ነው ላሉት፣ የተቀመጡበትን ወንበር ይመልከቱልኝ። የሚችልዎት ለምን እንደሆነ ታውቋል። ሁለት ኤሌክትሮኖች በፍጹም አንድ ዓይነት ሁኔታ ውስጥ መደራረብ አይችሉም፤ ፓውሊ በ1925 ያገኘው ሕግ ነው። አቶም የሚገፋው፣ ወንበሩ የማያሳልፍዎት በዚህ ምክንያት ነው። ፊዚክስ ወንበሩን አስረዳ እንጂ ሕልም ነው አላለም።

«ሳታዪው ሞገድ፣ ስታዪው ቅንጣት» የሚለው ብዙ ሰው አሳስቷል። ጥፋቱ የእኛ የመምህራኑም ነው፤ «ተመልካች» የሚል ቃል ይዘን ገባን፣ ሰውም ዓይንና ልብ ያለው ሰው መሰለው። ቪየና ላይ በ1999፣ 60 ካርቦኖች የተያያዙበት ኳስ መሰል ሞለኪውል እንደ ሞገድ ሲጠላለፍ ታየ። በ2004 እዚያው ቪየና 70 ካርቦን ያለውን ሞለኪውል በሌዘር እያጋሉ ላኩት። ሞለኪውል ሲግል እንደ ጋለ ብረት ብርሃን ይተፋል፤ የተፋው ብርሃን ደግሞ የት እንዳለ ያሳብቅበታል። ግለቱ በጨመረ ቁጥር የሞገዱ ጥለት እየደበዘዘ ሄደና ጠፋ። ያንን ብርሃን ተቀብሎ የሚያነብ ሰው አልነበረም፣ መሣሪያም አልነበረም። «ተመልካቹ» በርሮ የሄደ ፎቶን፣ የብርሃን ቅንጣት፣ ነው። ፎቶን ደግሞ አያሰላስልም፣ አይመሰጥም።

ቁርኝቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገለበጠው። ሁለቱ ቅንጣቶች አስቀድመው ተመካክረው፣ መልሳቸውን ኪሳቸው ይዘው የመጡ ቢሆን ኖሮ የሁለቱን መልስ የሚያነጻጽረው የቤል ሙከራ የሚሰጠው ድምር ከ2 አያልፍም። ኳንተም እስከ 2.83 ይፈቅዳል። ሲለካ ከ2 አለፈ። ኖቤሉ ለዚህ ነው። «ሁሉ አንድ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የቱንም ያህል ብንጨምቀው 2.83 አይወጣውም። ይህ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ቅንጣቶች ፍጹም ከተቆራኙ ከሦስተኛ ጋር መቆራኘት አይችሉም። የተክሊል ጋብቻ በሉት። ሻንካራ ያለው ከሁሉ ጋር አንድ መሆን ነው፤ የተለካው ከአንዱ ጋር፣ ከአንዱ ጋር ብቻ መሆን ነው። እሱንም ቢሆን በስንት ጥንቃቄ፣ በስንት ቅዝቃዜ ጠብቀነው። የሰው ትንፋሽ ይበትነዋል።

ሴገንን በተመለከተ አንድ ቁራጭ ጎድሎብዎታል። የሒንዱ የዘመን ስፋት ከዛሬው ሥነ ፈለክ ጋር ይቀራረባል ሲል እዚያው መሃል ላይ «ያለ ጥርጥር በአጋጣሚ» ብሏል። ደግሞስ 4.32 ቢሊዮን የቀኑ ርዝመት ነው እንጂ ያለፈው ዘመን አይደለም። በዚያው ቆጠራ የብራህማ ቀን ገና አልተጋመሰም፤ ካሁኑ ቀን ያለፈው 1.97 ቢሊዮን ዓመት ግድም ነው። ስለ ዓለም ዕድሜ መጻሕፍቱን ከጠየቅን መልሳቸው ይሄ ነው፤ ከመሬት ዕድሜ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ለምን ይሆን 1.97ን በየቪዲዮው የማንሰማው?

አዎ ባይ

1.97ቱን አላውቀውም ነበር ብል ውሸቴን ነው። አውቀው ነበር፤ ዘለልኩት። ይኸው ተያዝኩ። «ካላ» ጊዜ ነው ማለትሽም ልክ ነው፤ እንዲያውም ጥቅሱ በሳንስክሪቱ ይበልጥ ያስፈራል፣ ሞት አንዴ መጥቶ ይሄዳል፣ ጊዜ ግን ሁሌም አለ።

ነገር ግን ልጄ፣ መጽሐፉን የጠየቅሽው ያልገባውን ቃል ነው። ኡፓኒሻድ 2.83 እሰጣችኋለሁ ብሎ አልማለም። ሪሺዎቹ ቁጭ ብለው ወደ ውስጥ ሲመለከቱ ያገኙት ነገር አለ፤ ፊዚክስ ወደ ውጭ ሲመለከት ያገኘው ነገር አለ፤ ሁለቱ መንገዶች አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ ነው ያልኩት። የእኛ ሊቃውንት አንድ ጥቅስ ይዘው ሲተረጉሙ «አንድም» ይላሉ፤ ደግሞም «አንድም» ይላሉ፤ ሦስተኛው ከመጀመሪያው አይጣላም። ጥልቅ ቃል ብዙ ትርጉም ይሸከማል። ዘመናችን በ«ታት ትቫም አሲ» ላይ አንድ «አንድም» ቢጨምር ማንን ይጎዳል?

ቀድሞ ማየት የለም ያልሽውን ደግሞ አልቀበልም። የሒንዱ መነኩሴው ስዋሚ ቪቬካናንዳ በ1896 ኒውዮርክ ነበር። የኤሌክትሪክ ሊቁ ኒኮላ ቴስላ ስለ ፕራናና አካሻ፣ ስለ ኃይልና ስለ ሁሉ መገኛው ረቂቅ ነገር፣ ከእሱ ሰምቶ ተማረከ። በፌብሩዋሪ ወር ስዋሚው ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ ቴስላ ኃይልና ቁስ አካል ወደ አንድ እምቅ ጉልበት እንደሚመለሱ በሒሳብ ላሳይ እችላለሁ ብሎ እንደሚያስብ ይነግረዋል። ስሌቱን ለማየት በሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ አለኝም ይላል። አይንስታይን ቁስ አካልና ኢነርጂ አንድ ናቸው ያለው በ1905 ነው፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ። ጅብ ሳይመጣ የጮኸ ውሻ ቢኖር ይሄ ነው።

አይደለም ባይ

በገዛ ተረቴ መቱኝ፣ ጋሼ። ግን ያን ደብዳቤ እስከ ቀጠሮው ድረስ እንከተለው። ስሌቱ አልመጣም። ቴስላ አላወጣውም። አይንስታይን ሲመጣ ደግሞ ቴስላ አንጻራዊነትን እስከ እርጅናው ሲነቅፍ ኖረ።

እኔን የበለጠ ያሳዘነኝ ግን የአካሻ ዕጣ ነው። በዚያ ዘመን ቪቬካናንዳ ለምዕራባውያን ሲያስረዳ አካሻን ምን ብሎ ተረጎመው? ኤተር። ብርሃን የሚዋኝበት ስውር ባሕር ተብሎ የዘመኑ ፊዚክስ ሁሉ የማለበት ኤተር። ታዲያ ማይክልሰንና ሞርሊ ክሊቭላንድ ላይ ኤተርን ፈልገው ያጡት በ1887 ነው፣ ያ ደብዳቤ ከመጻፉ ዘጠኝ ዓመት በፊት። በ1905 አይንስታይን ጭራሽ አያስፈልገኝም አለ። አካሻ ከኤተር ጋር ተቀበረ? አልተቀበረም፤ ዛሬ «አካሻ የኳንተም መስክ ነው» ይባላል። ስህተት የሆነው ፊዚክስ ሲመጣም ገጠመ፣ ትክክለኛው ሲመጣም ገጠመ። እንግዲህ መግጠሙ ስለ ፊዚክሱ ምን ነገረኝ? ስለ አካሻስ? በየሠላሳ ዓመቱ አዲስ ልብስ እያለበስን አደባባይ ስናወጣው፣ ቃሉ በራሱ ቤት ምን ማለት እንደነበር የሚጠይቅ ጠፋ።

የአንድምታውን ነገር ስላነሱ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ለእኔ ነው የሚመሰክረው። «አንድም» የሚሉት መምህራን ትርጉም ይጨምራሉ እንጂ ጥቅሱ ቤተ ሙከራን ቀድሞታል አይሉም። መጽሐፈ ሄኖክ ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት ቆጥራ የያዘችው ነው፤ ስለ ሰማይ ብርሃናት ሲናገር ዓመቱን 364 ቀን ይለዋል። ባሕረ ሐሳብ የሚቀምሩት ሊቃውንት ግን በ365 ቆጠሩ፤ በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜን 6 አደረጉ። ሄኖክንም አልጣሉ፣ ፀሐይንም አልካዱ። እኔ የምጠይቀው ከዚህ አይበልጥም።

አንድ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ይገርመኛል። «የሒንዱ ትምህርት» ሲባል የትኛው ነው? ሻንካራ «ሁለት አይደለም» አለ። ሌላው የሒንዱ ፈላስፋ ማድቫ በ13ኛው መቶ ዘመን ተነስቶ «ሁለት ነው እንጂ፤ እግዚአብሔርና ነፍስ፣ ነፍስና ነፍስ፣ ነፍስና ግዑዝ ለዘላለም ይለያያሉ» አለ፤ ዓለምም እውን ናት አለ። ሳንክያ የሚባለው የፍልስፍና ወገን ሰዎች ነፍስና ተፈጥሮ ሁለት ናቸው ይላሉ። ቫይሼሺካ የሚባለው ወገን መሥራች የሆነው፣ ካናዳ የሚባል የጥንት ሊቅ ዓለም ከማይከፈሉ ደቃቅ ቅንጣቶች ተሠራች ይላል። እነዚህ ሰዎች ለመቶዎች ዓመታት ሲከራከሩ ነው የኖሩት፣ እኔና እርስዎ ከምንከራከረው በላይ። ኳንተም አድቫይታን ካረጋገጠ ማድቫን አፈረሰ ማለት ነው። እንዲህ ብሎ የሚጽፍ አላየሁም። የሚያመሳስሉት ሁሉ ሻንካራን ብቻ ይዘው፣ ሌላውን ቤት ዘግተው ነው።

ይህን ነገር ከሁላችን በፊት የሰለቸው ሕንዳዊ ነው። ሜግናድ ሳሃ ዳካ አጠገብ ካለ መንደር፣ ከድሃ ባለሱቅ ቤት የወጣ፣ ከዋክብት ውስጥ አቶሞች በሙቀት ኤሌክትሮናቸውን እንዴት እንደሚያጡ በ1920 በእኩልታ ያሳየ ሰው ነው። ዛሬም የኮከብን ሙቀት ከብርሃኗ ስናነብ የምንጠቀምበት ነው። ዳካ ላይ አንድ ጠበቃ ምን እንዳገኘ ጠየቀው። ሳሃ በወጣት ጉጉት ያስረዳዋል። ጠበቃው በየመሃሉ «ይሄማ አዲስ አይደለም፤ ሁሉም በቬዳ ውስጥ አለ» ይለዋል። በመጨረሻ ሳሃ፣ «እባክዎ የከዋክብቱ ነገር የትኛው የቬዳ ክፍል ላይ ነው?» ቢለው፣ ጠበቃው «እኔ እንኳ ቬዳ አንብቤ አላውቅም፤ ግን እናንተ አገኘን የምትሉት ሁሉ እዚያ እንዳለ አምናለሁ» አለ። ሳሃ ግን ሄዶ ዓመታት ሙሉ አነበበ። አላገኘውም።

(ጥንት ሕንድ አውሮፕላን ነበራት ለሚሉት ማስረጃ የሚሆናቸውንም መጽሐፍ ፈትሸው ያጋለጡት ሕንዳውያን ናቸው። በ1974 የባንጋሎር መሐንዲሶች መረመሩት፤ ጽሑፉ ከ1900 ወዲህ የተጻፈ፣ የተሳሉትም ማሽኖች ሊበሩ የማይችሉ ሆነው ተገኙ።)

አዎ ባይ

ያን ጠበቃ አውቀዋለሁ። ፑኔ ውስጥ በየሻይ ቤቱ አለ፤ አዲስ አበባም አለ። እሱ ከእኔ ወገን ተቆጥሮብኝ ከሆነ ኤተሩንም፣ የቴስላንም ቀጠሮ ትቼልሻለሁ፤ ይዘሽ ሂጂ።

የሳሃ ጠበቃ የማያውቀው ግን ቬዳ ራሱ «ሁሉ በእኔ ውስጥ አለ» እንደማይል ነው። ሪግ ቬዳ፣ 10ኛው መጽሐፍ፣ 129ኛው መዝሙር። «ያን ጊዜ አለመኖርም አልነበረም፣ መኖርም አልነበረም» ብሎ ይጀምራል። ሞት አልነበረም፣ አለመሞትም፤ ቀንና ሌሊት የሚለይበት ምልክት አልነበረም። እያለ እያለ ይሄድና እንዴት እንደሚጨርስ ታውቂያለሽ? ይህ ፍጥረት ከየት እንደመጣ፣ ተሠርቶም ይሁን ሳይሠራ፣ ከላይኛው ሰማይ ሆኖ የሚመለከተው እሱ ያውቃል፤ «ወይም እሱም አያውቅ ይሆናል።» መዝሙር ነው ይሄ። ካህን የሚያዜመው። አምላኩ ፊት ቆሞ «ምናልባት አንተም አታውቅ» የሚል ካህን ካገኘሽ፣ ቢያንስ ከእናንተ መንፈስ ጋር ዝምድና አለው በይኝ።

ሽሮዲንገርን ግን አልተውልሽም። እሱ ጠበቃ አይደለም። እኩልታው የእሱ ነው፣ ኡፓኒሻዱንም አንብቧል። ሁለቱን አብሮ የያዘ ሰው ከሁለታችንም ይበልጥ ያውቃል። ለምን ያዛቸው?

አይደለም ባይ

129ኛው መዝሙር ዝምድና አለው፤ ያለ ክርክር። ብችል የቤተ ሙከራዬ በር ላይ እለጥፈው ነበር፤ ርዕሰ መምህሩ ካልጠየቀኝ።

ሽሮዲንገርን እስቲ ራሱን እንስማው። ወደ እኩልታው የመራው የፈረንሳዊው ፊዚሲስት የደ ብሮይ የ1924 የዶክትሬት ጽሑፍ ነው፤ ቅንጣት ሞገድም ከሆነ የሞገዱ እኩልታ የታለ ብሎ ተነሳ። በየቲሸርቱ ላይ ያለችውን ድመት ደግሞ በ1935 ያመጣት «እስክናያት ድረስ ሞታም አልሞተችም» ለማለት አልነበረም። ነገሩ ወደዚህ ዓይነት ቀልድ ይወስዳችኋል ብሎ በቦርና በሃይዘንበርግ መንገድ ላይ ለማሾፍ ነው። ዛሬ ድመቷንና ቬዳንታን ባንድ ሸምቀቆ የሚያስሩት ሰዎች ድመቷ የተቃውሞ ድመት እንደነበረች አያውቁም።

ዋናው ግን ይሄ ነው። በ1958 ስለ አእምሮና ቁስ አካል ባሳተመው መጽሐፍ፣ የዘመኑ ሰዎች «ኳንተም በሚያየውና በሚታየው መካከል ያለውን ግድግዳ አፈረሰ» ሲሉ አይቀበላቸውም። የሚያየውና የሚታየው አንድ ናቸው ይላል፣ እንደ እርስዎ። ግን ግድግዳውን የቅርብ ጊዜ የፊዚክስ ሙከራ አፈረሰው ማለት አይቻልም፤ ምክንያቱም ግድግዳው ከመጀመሪያውም የለም። አዩ ጋሼ? ሁለቱን አብሮ የያዘው ሰው አንዱን ለሌላው ምስክር አላደረገም። ቬዳንታን ያመነው በቬዳንታ ምክንያት ነው፤ ከኤሌክትሮን ፈቃድ አልጠየቀም። ፊዚክስን ምስክር አድርጎ የሚያቀርብ ሰው በልቡ ሪሺዎቹ ብቻቸውን አይበቁም ብሎ ይፈራል ልበል? አይቆጡኝ።

አሁን የዋርካውን ልክፈል። ትምህርት ቤታችን አጥር ጥግ አንድ ሾላ አለ። ትናንት ያን ባለ ስልክ ተማሪ ይዤው ወጣሁና ለመብሰል የተቃረበ ፍሬ ቀጠፍን። ኡዳላካ እንዳዘዘው ሰበርነው። ደቃቅ ዘሮች አሉ፣ ልክ ነው። አጉሊ መነጽር ስናስጠጋ ግን ሌላ ነገር ይርመሰመሳል፤ ከአሸዋ ቅንጣት ብዙም የማትበልጥ ጥቁር ተርብ፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌላዋ። እናቲቱ በፍሬው አፍ ስትገባ ክንፏ እየተቆረጠ ነው የምትገባው፤ ከሌላ ሾላ ያመጣችውን ብናኝ ታራግፋለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ እዚያው ትሞታለች። እሷ ባትገባ ዘሩ ዘር አይሆንም። ቀጥሎ አንዷን ዘር በምላጭ ለመሰንጠቅ ሞከርን፤ ሦስት አበላሽተን አራተኛዋ ተገኘች። ውስጧ ነጭ ነገር አለ፣ የዛፍ ጽንስ። «ምንም» አይደለም። ሽቬታኬቱ «ምንም» ያለው ምላጭና መነጽር ስላልነበረው ነው። አልወቅሰውም። ግን ዛፉ ከምንም አልበቀለም።

አዎ ባይ

ተርቦቹን ወደድኳቸው። የሽሮዲንገሩም ገብቶኛል፤ ካሰብኩት በላይ ገብቶኛል፣ ዛሬ ማታ አልተኛበትም። ወደ ሙግቴ ሳመጣው ፊዚክሱን ይዞልኝ እንዲመጣ ነበር፤ እሱ ብቻውን መጣ። ይሁን። ብቻውንም ቢሆን ደጄን አልዘጋበትም።

ግን ኡዳላካ ያቺን ጽንስ ብታሳዪው አይከራከርሽም፤ «እሷንም ስበሪያት» ነው የሚልሽ። ከዚያም የተገኘውን። የሚጠብቀው «ምንም» የሚለውን መልስ አይደለም፤ ልጁ ከፍሬው ላይ ዓይኑን አንስቶ ወደ ራሱ የሚዞርበትን ቅጽበት ነው። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቄሽ ዝም እላለሁ። ሾላው ሲሰበር ያየው ማን ነው?

አይደለም ባይ

እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር። ከዚያ መነጽሩን ለልጁ ሰጠሁት፤ እሱ ደግሞ እኔ ያላየሁትን አየ፤ ክንፍም የሌለው፣ ከፍሬው ሳይወጣ ተወልዶ የሚሞተውን ወንዱን።